ዚር ውስጥ ያለ ኢንሱሊን

የሱዳኑን የኡም ራኩባ መጠለያ ሁለት ጊዜ የሚያውቁት አረጋውያን አሉ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን በወጣትነታቸው ተጠልለውበታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የልጅ ልጅ አስከትለው ወደዚያው ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተመለሱ። ያኔ በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ሰዉን የሚጨርሰው ኩፍኝና ተቅማጥ ነበር። አሁን ዕድሜ ግፊትና ስኳር አክሎባቸዋል። እነዚህ ታክመው የሚረሱ በሽታዎች ስላልሆኑ ወር በወር የሚከታተል ሰው ይፈልጋሉ፤ ሐኪም በማይበረክትበት ድንበር ያ ሰው ብዙ ጊዜ ነርስ ነው።

በጋና 32 ጤና ጣቢያዎች ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ነርሶች የተከታተሏቸው የግፊት ሕሙማን የላይኛው ቁጥራቸው ከሌሎቹ በ3.6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበልጥ መውረዱን አሳይቷል። ኢምንት ይመስላል፤ በሺህ ሰው ላይ ሲሆን ግን ስትሮክ የሚያስቀር ልዩነት ነው።

አንዲት እናት በፀሐይ ተጉዘው ክሊኒኩ ደረሱ እንበል። ጎበዝ ነርስ የግፊት መለኪያውን ማሰሪያ ወዲያው አትጠቀልልም። «እማማ፣ መጀመሪያ ይረፉ» ትላለች። አምስት ደቂቃ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትይዩ። ክንዱ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የደሙ ክብደት ብቻውን ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በችኮላ የተለካ ግፊት ያልተፈለገ ኪኒን ያስጨምራል።

ቀጥሎ ታስነሳቸውና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግማ ትለካለች። ስንነሳ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ አንገት ላይ ያሉ የግፊት ጠቋሚ ነርቮች ልብን ያነቃሉ፣ የደም ሥሮችን ያጠባሉ። በእርጅና እነዚህ ነርቮች ይዘገያሉ። የላይኛው ቁጥር 20 ከወረደ «ብድግ ስል ያዞረኛል» የሚሉት ነገር መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል። ከዝናቡ በፊት ገዳሪፍ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የአረጋዊ ጥማት ደግሞ ደካማ ነው። በዚያ ላይ የሚያሸና ኪኒን ሲታከል፣ ሌሊት ለሽንት የተነሱ እናት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል። ስለዚህ «ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ?» የሚለው ጥያቄ የምርመራው አካል ነው። (የሻሂው ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሆነ መጠየቅም አይረሳም፤ እውነተኛው መልስ የሚገኘው ግን ከልጅ ልጅየው ነው።)

ከሁሉ የከበደው ኢንሱሊን ነው። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ የለም። በየደጁ ግን ዚር አለ፤ ሱዳኖች ውኃ የሚያቀዘቅዙበት የሸክላ ጋን። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች ሰርጎ ወጥቶ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደረቅ አየር ያስመሰግናል፤ አየሩ በሚረጥብበት በክረምት ግን ይሰንፋል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያው ዳጋሃሌ መጠለያ ቤቶች እንደሚታየው ሙቀቱ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲዋዥቅ ኢንሱሊን አራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ቆይቷል። ስለዚህ ነርሷ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ውኃ እንዳይነካው በትንሽ ሸክላ ውስጥ ማስቀመጥን ታስተምራለች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የካርቱም መንገድ የሚታመን አልሆነም። የሚቀጥለው መድኃኒት መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ነርሷ በብልቃጡ የቀረውን ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አጋጥማ ታያለች። ሞራ ዓይናቸውን የጋረዳቸው እናት የመርፌውን መስመር ማንበብ አይችሉም። ነርሷ መርፌውን ለአሥር ዓመቷ የልጅ ልጅ ትሰጣታለች፤ ልጅቷ በብርጭቆ ውኃ ስትለማመድ አረፋ ገባ፤ በጣቷ ቸብ ቸብ አድርጋ አስወጣችው።