ጓንት አደረገ ማለት እጁ ንጹህ ነው ማለት አይደለም



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ሰው ለመዳን ሆስፒታል ገብቶ እንዴት ሌላ በሽታ ይዞ ይወጣል?» ዛሬ እኛን ባለሙያዎቹን ትንሽ ቅር ቢያሰኝም በግልጽ እናውራው።

አዎ፣ ይከሰታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን ውስጥ በበለጸጉት አገራት 7ቱ፣ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። የኦፕራሲዮን ቁስል ማመርቀዝ፣ በሽንት ቱቦ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ በግሉኮስ መርፌ በኩል ደም ውስጥ የሚገባ ባክቴሪያ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒት የተላመዱ ስለሆኑ ለማከም ያስቸግራሉ።

እነዚህ ጀርሞች ከአልጋ ወደ አልጋ በራሳቸው አይሄዱም። ዋናው መጓጓዣቸው የባለሙያው እጅ ነው። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሴመልዌይስ የሚባል ሐኪም፣ አስከሬን መርምረው በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚመጡ ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች ግን ሐሳቡን አልተቀበሉትም። «የእኔ እጅ ይገድላል?» ብሎ ማመን ለማንም ቀላል አይደለም።

ዛሬ ደንቡ ግልጽ ነው። ባለሙያው እጁን ማጽዳት ያለበት 5 ጊዜ ነው፦
1. ታካሚውን ከመንካቱ በፊት
2. መርፌ፣ ቱቦ ወይም ቁስል ከመንካቱ በፊት
3. ደምና የሰውነት ፈሳሽ ሊነካው ከሚችል ሥራ በኋላ
4. ታካሚውን ከነካ በኋላ
5. አልጋውንና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ

በሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። እጁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን በውሃና ሳሙና ነው፤ እሱም ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

ጓንትስ? ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ሦስት ታካሚ መንካት ባልታጠበ እጅ ከመንካት አይለይም። ጓንቱ የሚጠብቀው ያደረገውን ሰው ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይተገበርም? እውነቱን ለመናገር አንዱ ምክንያት አቅርቦት ነው። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ዎርዱ ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ውሃ የለውም። ጤና ሚኒስቴር «ካሽ» በሚል ስም የሚታወቀውን የጤና ተቋማት ጽዳትና ደህንነት ንቅናቄ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ውሃ በሌለበት ግን መመሪያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ሁሉንም በውሃ ማሳበብ ግን አይቻልም። ሳኒታይዘሩ በር ላይ ተሰቅሎ ዝም ብለን የምናልፍበት ጊዜ አለ። በብዙ ጥናቶች እንደታየው ባለሙያ ታካሚ ከነካ በኋላ መታጠቡን ያን ያህል አይረሳም፤ የሚዘለው ከመንካቱ በፊት ያለውን ነው። ራሳችንን እንጠብቃለን፣ ታካሚውን እንረሳለን። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነርሶች ወደኋላ እንቀራለን።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

• ጠይቁ። «ዶክተር ይቅርታ፣ ሳኒታይዘር ይኸው» ወይም «ሲስተር፣ ጓንቱን ይቀይሩልኝ?» በቂ ነው። አንዲት እናት ገና ወደ ልጇ አልጋ ስጠጋ ሳኒታይዘሯን ከቦርሳዋ አውጥታ «እንካ ዶክተር፣ ሕፃን ስለሆነ ነው» አለችኝ። እየሳቅኩ ተቀበልኳት፤ አብረውኝ የነበሩትም ተራ በተራ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቀየሙኝ ይሆን» ብላችሁ አትፍሩ።

• የግሉኮስ መርፌው ወይም የሽንት ቱቦው «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ። መርፌው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመ ወዲያው ተናገሩ።

• አስታማሚዎች፣ ከማብላታችሁና ሽንት ቤት ከማድረሳችሁ በፊትም በኋላም ታጠቡ። የጎረቤት አልጋ ላይ አትቀመጡ። የቁስል ፋሻ በራሳችሁ አትፍቱ።

• ጠያቂዎች፣ ጉንፋን ከያዛችሁ በስልክ ጠይቁ። አራስ ቤት ስትሄዱም ሕፃኑን አትሳሙ።

• ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት 30 ቀናት ትኩሳት፣ መግል ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል፦ ታካሚ «ታጥበሃል?» ሲል ክብራችንን እየነካ አይደለም፤ ሕይወቱን እየጠበቀ ነው። «ታጥቤያለሁ» ብቻ አንበል፤ ፊቱ እንታጠብ።

ሆስፒታል የተኛ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት።