ሻይ ሲያብብ ማን ይደሰታል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው «አንድ ሻይ!» ሲሉ፣ ስለ ተክሉ አስበው ያውቃሉ? አገር ውስጥ የሚመረተው ሻይ ቅጠል በዋናነት ከወሎ ርቆ፣ እነ ውሽውሽና ጉማሮ ነው የሚለቀመው።

ቡና ሲያብብ ገበሬው ደስ ይለዋል፤ ያለ አበባ ፍሬ የለማ! ሻይ ግን ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው ገና ያልተፈታች የቅጠል እምቡጥ ከሁለት ለጋ ቅጠሎች ጋር ናት። ነጩ አበባ ከበዛ፣ ተክሉ ጉልበቱን ለአበባና ለፍሬ ያውለዋል፤ ለጋው ይቀንሳል። ለዚህም ነው በየጊዜው የሚገረዘው፣ ሳይታክቱ የሚለቀመው። ለቃሚዋ ከዘገየች ቅጠሉ ይጠነክራል፤ ጥራቱም ይወርዳል።

እናማ «ሻይ ተወደደ» ብለን ስናጉረመርም፣ እምቡጧን በቀኗ የምትቀጥፈውን እጅም እናስታውስ።