የፈረስ ቀለም ውርስ

የፈረስ ቀለም ውርስ ድንጉላና ባዝራ ሲዳቀሉ የሚወለደው ውርንጭላ ምን ዓይነት ቀለም ሊኖረው እንደሚችል የሚያስረዳ የሥነ ዘረመል ርዕስ ነው። የአንድን ውርንጭላ ቀለም ሁልጊዜ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ የወላጆቹ ዘረመል ከታወቀ ዕድሉን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። ስሌቱ የሚጠቅመው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ውርንጭላውን የሚገድል የቀለም ዘረመልም አለ።

መሠረታዊ ሐሳብ

እያንዳንዱ ፈረስ አንድን የቀለም ዘረመል በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። የአንድ ዘረመል የተለያዩ ዓይነቶች አሌል ይባላሉ። አንዱ አሌል የሌላውን ውጤት የሚሸፍን ከሆነ ሸፋኙ አውራ፣ የተሸፈነው ስውር ይባላል።

ኤምሲ1አር የተባለው ዘረመል የፈረሱ ጠጉር ጥቁር ቀለም መሥራት መቻሉን ይወስናል። ጥቁር የሚያሠራውን አውራ አሌል «ጥ»፣ ቀይ የሚያደርገውን ስውር አሌል «ቀ» እንበለው። ጥ/ጥ እና ጥ/ቀ የሆኑ ፈረሶች ጥቁር ቀለም ይሠራሉ። በጋማውና በጭራው እንኳ ጥቁር የሌለበት ቀይ ዳማ የሚሆነው ቀ/ቀ ነው። ስለዚህ ጥቁር ፈረስ የቀይ አሌል ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ቀይ ዳማ ፈረሶች ግን ጥቁር ውርንጭላ አይወልዱም።

የፐኔት ሰንጠረዥ

ስሌቱ የሚሠራው በእንግሊዛዊው የሥነ ዘረመል ተመራማሪ ሬጂናልድ ፐኔት ስም በሚጠራው ሰንጠረዥ ነው። የአባት ሁለት አሌሎች ከላይ፣ የእናት ደግሞ በጎን ይጻፉና አራቱ ሳጥኖች ይሞላሉ። ሁለቱም ወላጆች ጥ/ቀ ከሆኑ ሳጥኖቹ ጥ/ጥ፣ ጥ/ቀ፣ ጥ/ቀ እና ቀ/ቀ ይሆናሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ውርንጭላ ቀይ ዳማ የመሆን ዕድሉ 1/4 (25 በመቶ) ነው። ይህ ማለት ከአራት ውርንጭሎች አንዱ የግድ ቀይ ዳማ ይሆናል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ዕጣ ይቆጠራል። ሌሎች ዘረመሎችም ቀለሙን ይለውጣሉ። ለምሳሌ አጉቲ የተባለው ዘረመል ጥቁሩን በጋማ፣ በጭራና በእግር አካባቢ ይወስነዋል።

ገዳዩ ነጭ ቀለም

በአሜሪካን ፔይንት ሆርስና በተዛማጅ ዝርያዎች «ፍሬም» የሚባል ዝንጉርጉር መልክ ይገኛል። መንስኤው ኢዲኤንአርቢ በተባለ ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑ በ1998 እ.ኤ.አ. ታውቋል። የተለወጠውን አሌል «ፍ»፣ መደበኛውን «መ» ብንል፣ መ/ፍ የሆነ ፈረስ በዚህ ምክንያት አይታመምም፤ አብዛኛውን ጊዜም በጎኑና በአንገቱ ላይ ሰፋፊ ነጭ ቦታዎች ይኖሩታል። ፍ/ፍ የሆነ ውርንጭላ ግን ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ነጭ ሆኖ ይወለዳል። አንጀቱን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ስለሚጎድሉት የጠባው ወተት አያልፍም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ፈውስም የለውም። ቀለሙና አንጀቱ አብረው የሚጎዱት ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳትና የአንጀት ነርቮች በፅንሱ ውስጥ ከአንድ ምንጭ ስለሚነሡ ነው።

ሁለቱን የማዳቀል ምርጫዎች እናነጻጽር፦

• መ/ፍ ከ መ/ፍ ጋር፦ 1/4 መ/መ፣ 1/2 መ/ፍ፣ 1/4 ፍ/ፍ (የሚሞት)
• መ/ፍ ከ መ/መ ጋር፦ 1/2 መ/መ፣ 1/2 መ/ፍ፣ የሚሞት የለም

በሁለቱም መንገድ በሕይወት የሚኖር መ/ፍ ውርንጭላ የማግኘት ዕድሉ እኩል ግማሽ ነው። ሁለት መ/ፍ ፈረሶችን ማዳቀል የዝንጉርጉር ውርንጭሎችን ቁጥር አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሞትን ነው። ከእንዲህ ዓይነት ወላጆች አራት ውርንጭሎች ቢወለዱ ቢያንስ አንዱ ፍ/ፍ የመሆን ዕድሉ 1 − (3/4 × 3/4 × 3/4 × 3/4)፣ ማለትም 68 በመቶ ገደማ ነው። ባዝራ 11 ወር ያህል ስለምታረግዝ አንዱ ውርንጭላ ሲሞት የአንድ ዓመት ልፋት አብሮ ይጠፋል።

ምርመራ

አንዳንድ መ/ፍ ፈረሶች ነጭ ቦታ እምብዛም ስለማይታይባቸው በዓይን መለየት አስተማማኝ አይደለም። ከሥሩ በተነቀለ የጋማ ወይም የጭራ ጠጉር የሚደረግ የዲኤንኤ ምርመራ ግን አሌሉን ያሳያል። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ መ/መ መሆኑ ከተረጋገጠ ፍ/ፍ ውርንጭላ አይወለድም።