ተውባ ያደረገ ሁሉ ወደ ሜዳ ይመለስ?



ኳስ ባየን ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ፦ ከሜዳ ውጭ ከባድ ጥፋት የፈጸመ ተጫዋች ወደ ሥራው ይመለስ ወይስ አይመለስ? ግማሻችን «አላህ ከማረው እኛ ማን ነን?» እንላለን። ግማሻችን ደግሞ «ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ነው የታለፈው» እንላለን። አንድ የታወቀ ጉዳይ ይዘን እንየው።

ማይክል ቪክ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከብ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ በነበረው ንብረቱ ላይ ውሾች ለቁማር ሲዋጉ ገንዘብ ያቀርብ እንደነበር፣ ደካማ የተባሉት ሲገደሉም እንደተባበረ በፍርድ ቤት አመነ። 23 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ክለቡን አጣ፤ ከሰረም። በ2009 ሲፈታ ሊጉ በቅድመ ሁኔታ መለሰው፤ ፊላደልፊያ ኢግልስ ቀጠረው።

«ውሻ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው እንደተማረ፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴትም እንደተቀጣች ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

ኢማም አን-ነወዊ የተውባን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ይላሉ። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ አራተኛ ይጨመራል፦ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። ጸጸትና ቁርጠኝነት የልብ ናቸው፤ የቪክን ልብ መመዘን የእኛ ሥራ አይደለም። ክለብም ሆነ ማኅበረሰብ ሊያየው የሚችለው ጥፋቱን መተዉንና ሐቅ መመለሱን ነው።

ቪክ ለተረፉት ውሾች እንክብካቤ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲከፍል ተደርጓል። አበዳሪዎቹን ለዓመታት ከፍሏል። በ2011 የእንስሳት ውጊያ ለማየት የሚሄዱትን ጭምር የሚቀጣ ሕግ እንዲወጣ በአሜሪካ ምክር ቤት ተገኝቶ ደግፏል። ከልቡ ይሁን ለስሙ አላህ ያውቃል፤ ካሣው ግን የሚታይ ነው።

ስለዚህ ምሕረትና አማና ይለያያሉ። የዘካ ገንዘብ ያጎደለ ወንድም ቢቶብት ሰላምታችንን አንነፍገውም፤ የሣጥኑን ቁልፍ ግን ወዲያው አንሰጠውም። ቪክ የተመለሰው ኳስ ወደ መጫወት እንጂ ውሻ ወደ ማርባት አልነበረም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ፍጥነት ባይኖረው ኖሮ ማን በሩን ይከፍትለት ነበር? ተሳስቶ ተቀጥቶ ወደ ግቢ የተመለሰ፣ ምንም ዝና የሌለው ተማሪስ? ዶርም ሲገባ ወሬ እናቆማለን፤ ካፌ ውስጥ ከጎኑ አንቀመጥም። ለኮከቡ የተሟገትነውን ያህል ለእሱ አንሟገትም።

በሚቀጥለው ክርክር ተጫዋቹ ስንት እንዳገባ ከመቁጠራችን በፊት የተበደለው ሐቁን ማግኘቱን እንጠይቅ። ከዚያም ያንኑ ሚዛን ይዘን ወደ ዶርማችን እንመለስ።

ወላሁ አዕለም።