ታብሌት እንደ ደብተር

ከጭሮ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሚኤሶን፣ አሰቦትን፣ አዋሽንና መተሐራን አልፎ፣ አዳማ ከመግባቱ በፊት ወለንጪቲን ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶባት ያልፋል። ስለ ታብሌትና ስለ ልጆች ትምህርት በዓለም ላይ ብዙ ከተወራላቸው ሙከራዎች አንዱ በዚሁ አካባቢ መካሄዱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሁለት የኦሮሚያ መንደሮች ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት አደለ። አንዷ መንደር በወለንጪቲ በኩል ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ሌላዋ በወንጪ፣ በእሳተ ገሞራው ሐይቅ አፋፍ ላይ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፣ የታተመ ጽሑፍም ለዓይናቸው እንግዳ ነበር። መምህር አልተመደበላቸውም። አዋቂዎቹ ባትሪውን በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ተማሩ፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት አልተሰጠም። በየሳምንቱ አንድ ቴክኒሻን እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር፤ ልጆቹ ምን ሲነኩ እንደሰነበቱ ከካርዱ ላይ ይታይ ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሆነውን ሲናገር አድማጭ ተደመመ። አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ አለ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር በየመንደሩ ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ፈልገው ከፈቱት። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኔን የሚስበኝ ግን ከዘገባው ጥግ ላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር ነው፦ የእንስሳት ሥዕል ያለባቸውን የፊደል ጨዋታዎች ሲጫወት የሰነበተ አንድ ልጅ የሥዕል መሣያውን መተግበሪያ ከፈተና «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ማንም አላዘዘውም። ሌሎቹ መተግበሪያዎች ለእሱ የሚታዩና የሚነኩ ነበሩ፤ አንዱን ግን የራሱን ነገር አኖረበት።

ስለ ታብሌት የማምነው በዚህ ልጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታብሌት ክፍል ውስጥ ዋጋ የሚያወጣው ልጁ ሲጽፍበት ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ የሚያየው ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ አገራችን ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ ስሙም ፕላዝማ ይባል ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የዚያ ዘመን ተማሪዎች አይረሱትም። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ደቂቃው ተቆጥሮ ይጀምራል፣ ደቂቃው ተቆጥሮ ያልቃል። መምህሩ መግቢያውን ተናግሮ ወደ ጥግ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል። ያልገባው ተማሪ እጅ ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ጥሩ የፊዚክስ መምህር አዲስ አበባም ገለምሶም እኩል ይድረስ የሚል ነበር። ነገር ግን ተማሪው አንድም መስመር የማይጨምርበት መሣሪያ ነበር። ታብሌትም በቪዲዮ ብቻ ተሞልቶ ከመጣ ትንሽ ፕላዝማ ነው።

ጭሮ በምትገኝበት በምዕራብ ሐረርጌ ጉዳዩ የሚከብደው በቋንቋ ነው። ጭሮ፣ ሒርና፣ በዴሳ ወይም መቻራ የሚማር ልጅ ሦስት ቋንቋ ይጽፋል፤ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛን በላቲን። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ጽሕፈት ከሆነ ወዲህ አንድ ትውልድ ሙሉ ተምሮበታል። ቁቤና እንግሊዝኛ በፊደል መልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው። በአፋን ኦሮሞ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም እንዲሁ፤ መደገምና አለመደገም ትርጉም ይለውጣል። አጭሩ «ለፈ» መሬት ነው፤ ረዥሙ «ላፋ» ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። አማርኛው በበኩሉ መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም፤ በምትኩ 33 ፊደል በሰባት ቤት ተባዝቶ 231 ቅርጽ ልጁን ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ እየቀያየረ ይሠራል።

ታብሌቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው። ልጁ የአፋን ኦሮሞ ቃል በትክክል ሲጽፍ መሣሪያው ስህተት ነው ብሎ በቀይ ያሰምርበታል፤ ሲብስም ራሱ «አርሞ» ወደሚመስለው እንግሊዝኛ ቃል ይለውጠዋል። በትክክል የጻፈው ልጅ ተሳስቷል ተብሎ ይቀጣል ማለት ነው። ስለዚህ ታብሌት ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ከትምህርት መተግበሪያ ጋር አይገናኝም፤ የቁልፍ ሰሌዳ ማስተካከል ነው። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ሰሌዳ አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም ይዟል። ሰሌዳው ወደ አፋን ኦሮሞ ከተቀየረና ራስ በራስ ማረሚያው ከተዘጋ አብዛኛው ችግር ይቀላል። ሁድሃ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ ምልክት ግን አሁንም ያስቸግራል፤ አንዳንዱ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ጭረት፣ አንዳንዱ ጠማማ ጭረት ይሰጣል፣ ያኔ አንዱ ቃል ሲፈለግ ሁለት ቃል ይመስላል። መምህሩ አንዱን መርጦ ለክፍሉ ሕግ ማድረግ አለበት።

ለአማርኛው ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለ። አንዱ በላቲን ድምፁን ጽፈው ፊደሉን የሚያወጡበት ነው፤ ለአዋቂ ይፈጥናል። ሌላው ግዕዙን ሲነኩ ሰባቱ ቤት የሚዘረጋበት ነው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ያለጥርጥር ሁለተኛው ይሻላል፤ ግድግዳ ላይ የሚያውቀውን የፊደል ገበታ ይመስላልና። ይህ ሁሉ የተቻለው ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ስላገኘ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

ሰሌዳው ከተስተካከለ በኋላ ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ነው ታብሌት ከደብተር የሚበልጥበት ነገር ያለው። ካሜራና የድምፅ መቅጃ አለው። አራተኛ ክፍል የሆኑ አምስት ልጆች ሆጃ የሚባለው መጠጥ እንዴት እንደሚፈላ በአራት ፎቶ አንሱ ይባላሉ እንበል። ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ አንዷ በቃል ትተርካለች፣ ድምጿ ይቀረጻል። መልሰው ይሰሙታል፤ ያልተባለው ነገር ወዲያው ይታወቃቸዋል፦ ወተቱ መቼ ነው የሚጨመረው? ከዚያ በየሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ሲሳሳቱ ይሰርዛሉ፤ ላጲስ ወረቀት ስለማይቀድባቸው መሰረዝ አያስፈራቸውም። ጽሑፍ ማለት ደግሞ በአብዛኛው መሰረዝ ነው፤ ደብተር ቆጥቦ የሚጽፍ ልጅ ይህን ለመማር ዕድል የለውም። ሚኤሶ ላይ ርዕሱ የከብት ገበያ፣ በዴሳ ላይ የጀንፈል አደራረቅ፣ ኩኒ ላይ የእርከን ሥራ ሊሆን ይችላል። አይተውት ስለማያውቁት የበረዶ ሰው ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ብሉም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እንዲህ ያለውን ሥራ ወደ መጽሐፍ ይለውጠዋል። አዘጋጁ ኤስ አይ ኤል የተባለው የቋንቋዎች ድርጅት ነው። መጽሐፉ መምህሩ ኮምፒውተር ላይ ይቀናበራል፤ ልጆቹ በስልክ ወይም በታብሌት ያነቡታል። ጥቅሙ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ማስቀመጡና የልጁን ድምፅ ከጽሑፉ ጋር ማሰሩ ነው። አራተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የጻፈውን ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ እየሰማ ያነበዋል። የሚነበብ መጽሐፍ ባነሰበት አካባቢ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ከውስጥ ሊያድግ ይችላል። ለተጨማሪ ንባብ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትን በነፃ አሰባስቧል፤ አንዴ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጭሮ ለዚህ ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያኔ አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ይህችን ከተማ በፕላን ያስጀመሩት የጨርጨር ገዢ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁ ሰው ናቸው። ዛሬ ደግሞ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ፤ የአፋን ኦሮሞና የኮምፒውተር ተማሪዎቹ በየወረዳው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ሲያስተካክሉና ሲያሠለጥኑ ቢከርሙ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ወደ ማስረጃው እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ታብሌት ይህን ይፈውሳል ወይ? ጎረቤት የሚባል ምሳሌ ታንዛኒያ ላይ አለ። ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ በተባለው ውድድር ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ልጆች በ170 ያህል መንደሮች በስዋሂሊ የተዘጋጀ ታብሌት ተሰጣቸው። ሲጀመር ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድም የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ከ15 ወር በኋላ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። በ2011 ዓ.ም. ኪትኪት ስኩልና ዋንቢሊየን የተባሉት ሁለት ቡድኖች ሽልማቱን ተካፈሉ። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር መተግበሪያው ልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ መሠራቱ ነው። የወለንጪቲና የወንጪ ልጆች የገጠማቸው እንግሊዝኛ ነበር፤ ፊደሉን ያዙ፣ አንዳንድ ቃልም ያዙ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረዥም ነበር።

በተቃራኒው የሚነገረውንም መስማት ያስፈልጋል። ካሪን ጄምስ የተባለች ተመራማሪ ገና ማንበብ ያልጀመሩ ልጆችን አንጎል ስታይ፣ ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የሚነቃው ፊደሉን በእጃቸው የጻፉት ልጆች ላይ መሆኑን አገኘች፤ ቁልፍ በተጫኑት ላይ እንዲህ አልነበረም። ስዊድን በ2015 ዓ.ም. ለታተመ መጽሐፍና ለእጅ ጽሕፈት ቅድሚያ ወደ መስጠት ተመልሳለች። እኛ ዘንድ የፊደል ቅርጽ በእጅ የሚለመድበት የቆየ ባህል ስላለ ይህን ለመቀበል አይከብደንም። የመጀመሪያው ክፍል የእርሳስና የጠመኔ ነው፤ ልጁ ፊደሉን በእጁ ካወቀ በኋላ ታብሌቱ ይምጣ።

ስለ መብራት። አንድ ተራ ታብሌት 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ቢኖረው ወደ 18.5 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 20 ታብሌት ማለት 370 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 150 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ይህን ያህሉን በየቀኑ ይሞላል፤ የሐረርጌ ፀሐይ ለዚህ አታንስም። ሙቀቱ ግን ጠላት ነው። ሚኤሶና ቦርዶዴን በመሰለ ቆላ ታብሌቱን በቆርቆሮ ቤት ቁም ሣጥን ቆልፎ ባትሪ መሙላት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ጠዋት በጥላ መሙላት ይሻላል። ኢንተርኔትም የግድ አይደለም። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሥርዓት አለ፤ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ በራሷ ዋይፋይ ለታብሌቶቹ ትምህርቱን ታድላለች፣ ከውጭ መስመር አትፈልግም።

ታብሌት ለፈተና ይገዛ የሚል ሐሳብም ይነሳል። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ታብሌቱ በጊዜ ስላልደረሰ በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር እየተፈተነ ነው። በፈተናው ቀን የቁልፍ ሰሌዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል ተፈተነ ማለት አይቻልም። ይህን ልዩነት የሚያጠበው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ መጻፍ ነው።

ለአንድ ልጅ አንድ ታብሌት ይድረስ የሚለውን ትቻለሁ። ለአምስት ልጅ አንድ ይበቃል፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሁድሃውን ይጠብቃል። ፈጣኑ ልጅ ግን መሣሪያውን ይዞ አይለቅም፣ ሴቶቹም ዳር ይቀራሉ፤ በየአሥር ደቂቃው «አሁን ለእሷ ስጣት» የሚል መምህር ከሌለ አምስቱ አንድ ይሆናሉ።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባላት፣ ገንዘብ አሰባስባችሁ ለትምህርት ቤታችሁ ታብሌት ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። ኔትዎርኩን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። በአፋን ኦሮሞ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንድ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙበት፤ አስቀምጡትና አጥፍታችሁ አብሩት። የጻፋችሁት ሳይለወጥ ከጠበቃችሁ ግዙት። ካልጠበቃችሁ በዚያው ገንዘብ ደብተርና የልጆች መጽሐፍ ግዙበት።