የተሸረፈ ምላጭ ለጀማሪ

ከአያት የተረፈ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ታጣፊ ምላጭ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማርከው መልኩ ነው። እጀታው ከቀንድ ወይም ከአጥንት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከጭራው አጠገብ «ሶሊንገን» ወይም «ሸፊልድ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ባለቤቱ ፊቱን አርሶ፣ ሳሙና ቀብቶ ይሞክረዋል። ምላጩ ጢሙን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትታል፣ ጉንጩን ያቃጥለዋል፣ አንድ ሁለት ቦታም ያደማዋል። ሰውየው «ይሄ ነገር ለእኔ እጅ አልሆነም» ብሎ ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የምላጩ ነው። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሽርፋት መላጨትን ስቃይ ለማድረግ ይበቃል።

ታጣፊ ምላጭ ሲታይ ቀላል ዕቃ ነው፤ ወፍራም ጀርባ፣ ሳስቶ ሳስቶ የሚያልቅ ስለት፣ በአንዲት ሚስማር ላይ የሚዞርና ሲታጠፍ ሰገባ የሚሆን እጀታ። ብልሃቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ምላጩን መሳያ ድንጋይ ላይ ሲያጋድሙት ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩን ይነካሉ። ቢላ የሚስል ሰው ማዕዘኑን በእጁ መጠበቅ አለበት፤ የምላጭን ማዕዘን ግን ሠሪው አስቀድሞ ወስኖታል። የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ተመጣጥነው የተሠሩት ለዚህ ነው። የተበላሸ ምላጭ ሊድን የሚችለውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ጀርባው ደህና እስከሆነ ድረስ ስለቱ የሚመለስበት መንገድ አለው።

ጥሩ ምላጭ ከጥሩ ብረት ይጀምራል። በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸፊልድ አጠገብ ይኖር የነበረው ሰዓት ሠሪ ቤንጃሚን ሀንትስማን ለሰዓት ሞላ የሚሆን ብረት ሲፈልግ፣ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚያቀልጥበትን ዘዴ አገኘ። የተገኘው ብረት ወጥ ስለነበር ለስለት ተስማማ፤ የሸፊልድም ምላጭ ስሙ ገነነ። ጀርመናዊቷ ሶሊንገን ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የምላጩን ሁለት ጎኖች በሚሽከረከር ድንጋይ ጎድጎድ አድርጎ በመሞረድ ታወቀች። እንዲህ የተሠራ ምላጭ ስለቱ አካባቢ በጣም ስስ ነው፤ ጢም ሲቆርጥ ድምፁ ይሰማል። «ሶሊንገን» የሚለው ስም ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ እዚያ ያልተሠራ ስለት ሊሸከመው አይችልም። ይሁንና ይህ ስስነት ዋጋ ያስከፍላል፤ ምላጩ ከላቫንዲኖ ጠርዝ ወይም ከቧንቧ ጫፍ ጋር አንዴ ከተጋጨ ይሸረፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምላጩን መመርመር ያስፈልጋል። አንድ አምፖል ሥር ቆመው ስለቱን ወደ ላይ አዙረው ከጭራው እስከ ጫፉ ቀስ ብለው ይዩት። በደንብ የተሳለ ስለት ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት ስለሌለው ምንም አያበራም። ብልጭ የሚል ነጥብ ካለ እዚያ ላይ ደንዟል ወይም ተሸርፏል። ቀጥሎ የአውራ ጣትዎን ጥፍር በውሃ አርሰው ስለቱን ያለ ምንም ክብደት ይጎትቱበት። ጤነኛው ክፍል ሳያቋርጥ ያልፋል፤ ሽርፋቱ ያለበት ቦታ ደግሞ ቅንጥብ ብሎ ይይዛል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ካለ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ለዓይን ቀጥ ያለ የሚመስለው ስለት በመነጽሩ ሲታይ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ሆኖ ይገኛል።

ሽርፋት ብቻውን ከሆነ አይከፋም፤ ተሞርዶ ያልቃል። ዝገት ግን ያታልላል። ላይ ላዩን ያለው ቀይ ዝገት በዘይትና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ወደ ውስጥ የበላው ጥቁር ጉድጓድ ግን ስለቱ ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ ችግሩ አያልቅም፤ ብረቱ በተሳለ ቁጥር ጉድጓዱ ስለቱ ላይ ይወጣና አዲስ ሽርፋት ይሆናል። ስንጥቅ ያለበት ምላጭ ደግሞ አይጠገንም። ጥርጣሬ ካለ ምላጩን ዘይት ቀብተው በጨርቅ ያድርቁት፤ ከስለቱ ወደ ጀርባው የሚወጣ ቀጭን የዘይት መስመር ተመልሶ ከታየ ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለው ምላጭ ፊት ላይ መውጣት የለበትም፤ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን። ሌላው የማይመለስ ጉዳት ሙቀት ነው። አንድ ሰው ሽርፋቱን ላጠፋ ብሎ በኤሌክትሪክ ሞረድ ከነካውና ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ብረቱ ለስልሷል፤ ቢሳልም ስለቱን አይዝም።

መጠገኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሽርፋቱ ትንሽ ከሆነ ምላጩ ቁጥሩ 1000 በሆነ ጠፍጣፋ የውሃ ድንጋይ ላይ፣ ስለቱ እየቀደመ፣ ሳይጫኑት ይመላለሳል። ሥራው ረጅም ከሆነ ጀርባውም አብሮ እንዳይበላ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይለጠፍበታል። ትልቅ ሽርፋት ሲሆን ባለሙያዎች ምላጩን ድንጋዩ ላይ በስለቱ ቀጥ አድርገው አቁመው እየጎተቱ መጀመሪያ ስለቱን ሆን ብለው ያደንዙታል፤ ሽርፋቱ ሲጠፋ እንደገና ከ1000 ይጀምራሉ። አንድ ሚሊሜትር እንኳ ለመሞረድ ብዙ ድካም አለው። ስለቱ ከዳር እስከ ዳር የክንድ ፀጉር መላጨት ሲጀምር ብቻ ወደ 4000፣ ወደ 8000፣ ከተገኘም ወደ 12000 ይታለፋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይጨርሱ ወደ ለስላሳው ድንጋይ ሲቸኩሉ ነው፤ ስለቱ ያብረቀርቃል፣ ግን አይላጭም።

የቆዳ ጠፍር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠፍር ላይ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ሲመለስም ምላጩ የሚገለበጠው በጀርባው ላይ ነው። ሽርፋት ያለበትን ምላጭ ጠፍር ላይ ማመላለስ ግን ጠፍሩን ከመቧጨር በቀር የሚፈይደው የለም። ጠፍር ጤነኛ ስለት ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም።

እኔ አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ፤ መሳልንና መላጨትን በአንድ ጊዜ፣ ያውም በተበላሸ ምላጭ፣ መማር አይገባም። ምላጩ ሲጎትት ጥፋቱ የድንጋዩ ይሁን የእጁ ጀማሪው በምን ያውቃል? ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ እንደሚባለው ነው። መፍትሔው ደግሞ አገራችን ውስጥ በየፀጉር ቤቱ አለ። ፀጉር አስተካካዮቻችን የሚይዙት መላጫ ቅርጹ ከታጣፊው ምላጭ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ይከትበታል። ኪንግ ጂሌት በ1901 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን መሥርቶ፣ በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሚጣል ምላጭ ታጣፊውን ከየቤቱ ገፍቶ አስወጥቶታል፤ እዚህ ግን ሁለቱ አንድ እጀታ ላይ ተገናኝተዋል። ጀማሪ በዚህ ይለማመድ። ስለቱ ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ ከተቃጠለ ወይም ከደማ መታረም ያለበት እጁ መሆኑን ያውቃል። አሮጌው ምላጭ እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሰው ይሳለው፤ ወይም ባለቤቱ ራሱ ሳይቸኩል ድንጋይ ይማርበት።

ፊት ላይ ሲወጣ ደንቡ ጥቂት ነው። ጢሙ በሞቅ ያለ ውሃ ይራስ፣ አረፋው ይብዛ፣ የምላጩ ጀርባ ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይነሳ። ከጉንጭ ይጀመር፤ አገጭና ከንፈር ላይ ያለው እጅ እስኪለምድ ይቆይ። ምላጩ ወደ ጎን ፈጽሞ አይንሸራተት። ጢማችን ለሚጠቀለል ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ቆዳን አጥብቆ ወጥሮ፣ ጢሙ ከሚተኛበት በተቃራኒ ጠልቆ መላጨት የተቆረጠው ጫፍ ቆዳ ሥር ገብቶ እንዲያድግ ያደርገዋል፤ አንገት ላይ የሚወጡት የሚያሳክኩ እብጠቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣሉ። ጢሙ ወደሚተኛበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ መላጨት፣ ትንሽ ቢቀርም መተው ይሻላል።

አሮጌ ምላጭ የሌላ ሰው ፊት ላይ የሠራ ዕቃ መሆኑም አይረሳ። ስለታም ነገር በጋራ አለመጠቀምን ከኤችአይቪ ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የጉበት ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ምላጩ በሳሙና ታጥቦ 70 በመቶ በሆነ አልኮል ይጽዳ፤ ከዚያ በኋላም የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። በረኪና ብረቱን ስለሚያዝገው አይነካካ። ከተላጩ በኋላ ስለቱን ብቻ ሳይሆን እጀታው ውስጥና ሚስማሩ አጠገብ የቀረውን ውሃ ያድርቁ፤ ለብዙ ቀን የማይነካ ከሆነ ስስ ዘይት ይቀባ። ሳይደርቅ አይታጠፍ።