ማስጠንቀቂያ፣ እገዳ፣ ማቋረጥና መመለስ፦ ስለ ኮሌጅ ደንብ ማወቅ የሚገባን



በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ከመካከላችን አንዳንዱ ከኮሌጁ አጭር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ውጤቱ ከሚፈለገው በታች መሆኑን ይገልጻል። ተቀባዩም ወይ እንደ መርዶ ቈጥሮት ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ወይም እንደ ተራ ወረቀት መጽሐፍ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ገደል ያመራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደንቡን በየክፍሉ አብራርቶ አንድ ነገር ማስጨበጥ ነው፤ ይኸውም ተማሪን ይበልጥ የሚጎዳው ከትምህርት መውጣቱ ሳይሆን ያለ ወረቀትና በዝምታ መውጣቱ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፩. አራቱ ደረጃዎች

ሀ) ማስጠንቀቂያ (ፕሮቤሽን)። ባለ 4.00 ስሌት በሚከተሉ ኮሌጆች አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ ከ2.00 በታች የወረደ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ትምህርቱንም አያቋርጥም። ብዙውን ጊዜ የሚወስደው የክሬዲት ሰዓት ይቀነስበታል፤ ውጤቱን እንዲያሻሽልም የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል።

ለ) እገዳና መሰናበት። ማስጠንቀቂያው ተደጋግሞ ውጤቱ ካልተሻሻለ ተማሪው ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል፤ ወይም ጨርሶ ይሰናበታል። የታገደ ሰው የመመለሻ ጊዜው ይታወቃል። የተሰናበተ ግን መመለስ ቢፈልግ እንደ አዲስ ማመልከት አለበት። በሥነ ምግባር ጉድለት የሚሰጥ እገዳ ሌላ ነው፤ የሚታየውም በሌላ ኮሚቴ ነው።

ሐ) ማቋረጥ (ዊዝድሮዋል)። ይህ ተማሪው በራሱ ፈቃድ፣ በሕመም፣ በገንዘብ እጦት ወይም በቤተሰብ ችግር ምክንያት ቅጽ ሞልቶ የሚወጣበት መንገድ ነው። በተወሰነው ቀን ውስጥ ቅጹን የሞላ ሰው በትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብልዩ» ይጻፍለታል፤ አማካይ ውጤቱም አይነካም። ቅጹን ሳይሞላ የጠፋ ግን ለተመዘገበበት ትምህርት ሁሉ «ኤፍ» ሊያገኝ ይችላል። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊርማና አንድ ቀን ብቻ ነው።

መ) ዳግም ቅበላ (ሪአድሚሽን)። ወጥቶ የነበረ ተማሪ ማመልከቻ አስገብቶ የሚመለስበት መንገድ ነው። ኮሚቴው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ለምን ወጣህ? አሁንስ ምን ተለወጠ? ማስረጃ ያለው ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ በእጁ ነው።

አገር ቤት የተማሩ ታላላቆቻችን ይህን ሥርዓት በሚገባ ያውቁታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ወድቀው የሚሰናበቱትን አዲስ ገቢዎች ተማሪው «ክሪስማስ ግራጁዌት» እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ ገና ሲያልፍ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ለማለት ነው። ቀልዱ መራራ ቢሆንም መሰናበት ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አልነበረም፤ ጠይቆ ለሚመለስ የዳግም ቅበላ በር ነበረ።

፪. ስሌቱ

ብዙ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው «ከእንግዲህ አይሆንም» ብሎ ተስፋ የሚቈርጠው ስሌቱን ስላልሠራው ነው። አንድ ተማሪ 30 የክሬዲት ሰዓት ተምሮ አማካዩ 1.70 ነው እንበል። ነጥቡ 30 ሲባዛ በ1.70፣ 51 ይሆናል። 2.00 ለመድረስ 60 ያስፈልገው ነበርና የጐደለው 9 ነጥብ ነው።

በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት አዲስ 15 ሰዓት ቢወስድ፣ በ45 ሰዓት 90 ነጥብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ከአዲሶቹ ትምህርቶች 39 ነጥብ፣ ማለትም በአማካይ 2.60 ይፈለግበታል። ነገር ግን «ኤፍ» ያገኘበትን አንድ ባለ 3 ሰዓት ትምህርት ደግሞ «ቢ» ቢያመጣ፣ ኮሌጁም የቀድሞውን ውጤት የሚተካ ከሆነ፣ 9 ነጥብ ይጨምራል፤ አማካዩም በዚያች አንዲት ትምህርት ብቻ 2.00 ይሆናል። ሁለቱንም ውጤት የሚደምር ኮሌጅ ከሆነ ግን 60 ለ33 ተካፍሎ 1.82 ላይ ይቀራል። እንግዲህ ማንኛውንም ነገር ከመወሰናችን በፊት ኮሌጃችን የተደገመን ትምህርት እንዴት እንደሚቈጥር በመመሪያ መጽሐፉ ማየት አለብን።

፫. በኩዌት ሲሆን

በቁርጡባና በአካባቢዋ ለምንኖር ደንቡን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። የኩዌት ዩኒቨርሲቲ በ1966 ከተከፈተ ጀምሮ ግቢዎቹ በከተማው ውስጥ ተበታትነው ነበር፤ ከነዚህም የዐዲሊያና የኻልዲያ ግቢዎች ከቁርጡባ በአራተኛው ቀለበት መንገድ ማዶ ቅርብ ናቸው። ከ2019 ወዲህ ግን ኮሌጆቹ ከከተማው ውጭ ወዳለው የሸዳዲያ ግቢ መዛወር ጀምረዋል። የግል ዩኒቨርሲቲዎችም በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ተከፍተዋል፤ ከነዚህ መካከል የአሜሪካን የትምህርት ሥርዓት የሚከተሉ አሉ። መንገዱ ሲርቅ «ነገ እሄዳለሁ» ማለት ይበዛል፤ ቀኑ ግን አይጠብቅም።

ማስታወቂያው በዐረብኛ ሲለጠፍ የሚከተሉትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፦ «ሙዓደል» አማካይ ውጤት፣ «ኢንዛር» ማስጠንቀቂያ፣ «ኢንሲሓብ» ከትምህርት መውጣት፣ «ወቅፍ አል-ቀይድ» ምዝገባን ለጊዜው ማቆም፣ «ኢዓደት አል-ቀይድ» ዳግም መመዝገብ። «ፈስል» የሚለው ቃል ግን ሁለት ትርጉም ስላለው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በአንድ በኩል መንፈቀ ዓመት፣ በሌላ በኩል ማሰናበት ማለት ነውና፣ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ሳያነቡ መደንገጥም ሆነ መዘናጋት አይገባም።

ከሁሉም የሚከብደው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። በተማሪነት ኢቃማ ያለው ሰው ፈቃዱ የተመሠረተው በምዝገባው ላይ ነው፤ ምዝገባው ሲቋረጥ የፈቃዱም መሠረት ይናጋል። በወላጁ ስም የሚኖር ወንድ ልጅም ዕድሜው ከፍ ሲል ተማሪ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። ስለዚህ እዚህ አገር ዝም ብሎ መጥፋት «ኤፍ» ከማግኘትም ያለፈ መዘዝ አለው። ቅጽ ከመሙላታችን በፊት የኢቃማችንን ነገር ከኮሌጁ የቅበላና ምዝገባ ክፍል ጋር መነጋገር ግዴታችን ነው።

፬. የወረቀት ዋጋ

ትምህርት የሚቋረጠው በተማሪው ድክመት ብቻ አይደለም። በ1974 መጨረሻ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ዘመተ። እዚህ ኩዌትም ነሐሴ 2 ቀን 1990 የኢራቅ ጦር ሲገባ የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፤ ቤተ መጻሕፍቱና ላቦራቶሪዎቹም ተዘረፉ። እንዲህ ባለው ጊዜ በሌላ አገር ትምህርቱን መቀጠል የሚቀለው ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት በእጁ ለያዘ ተማሪ ነው።

ስለዚህ፦

1) ማስጠንቀቂያ በደረሰን ሳምንት ውስጥ አማካሪ መምህራችንን እናነጋግር።

2) የማቋረጫውን የመጨረሻ ቀን በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጽፈን እንያዝ።

3) ሐኪም ቤት ከሄድን ማስረጃውን በዚያው ቀን እንቀበል፤ ከወራት በኋላ የሚጻፍ ማስረጃ ዋጋው ያነሰ ነው።

4) ያስገባነውን ማመልከቻ ሁሉ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጅ እናስቀር።

5) ወደ አገር ቤት ለመዛወር ያሰበ ትራንስክሪፕቱን እዚሁ ሳለ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና በኤምባሲያችን ያረጋግጥ።

በመጨረሻም አንድ ቃል። ብዙዎቻችን የምንማረው ወላጅ ከጉሮሮው ነጥቆ፣ ወይም እኅት በሰው ቤት ሠርታ በምትልከው ገንዘብ ነው። ደብዳቤውን የምንደብቀው እነርሱን ላለማሳዘን ነው፤ ግን የተደበቀ ደብዳቤ የይግባኝ ጊዜውን ይዞ ያልፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ወንድማችን ወይም እኅታችን ቢያንስ ለአንድ የቅርብ ሰው ይንገር። የሰማንም እንደ ሆነ ከመፍረድ በፊት እርሳስና ወረቀት ይዘን አብረን ስሌቱን እንሥራ።